«የደሴ ሰው ዳገቱ ይበቃዋል» ላልከው

የጦሳ ሥር፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ የከተማችን መናፈሻ የስፖርት ቦታ ይኑረው ወይ ሲባል «የደሴ ሰው ዳገቱ ይበቃዋል፣ መናፈሻው ሣርና አበባ ብቻ ይሁን» የተባለው እስካሁን ያንገበግበኛል። ሰዉን ባጃጅ ያስለመደው ዳገቱ አይደለም እንዴ? ጉልበቷን የሚያማት እናት ከፒያሳ ሽቅብ በእግሯ አትወጣም። ለሷ የሚሆናት በ100 ሜትር ከ5 ሜትር በላይ የማይወጣ፣ 3 ሜትር ስፋት ያለው፣ ዞሮ መነሻው ላይ የሚገጥም መንገድ ነው። በየ50 ሜትሩም መቀመጫ።

ሰኞ ገበያ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ፤ ዳገቱ ይበቃል። ሜዳውን ከየት ታመጣለህ? መሬታችን ተንሸራታች ነው። ዳገት ቆርጠህ ሜዳ ብታወጣ ክረምት ሲገባ የታችኛው ሰው ቤት ላይ ነው የሚናደው።

የጦሳ ሥር፦ ቁረጡ ማን አለ? መንገዱ እንደ እርከን የተራራውን ወገብ ይዞ ይሂድ። በላይኛው በኩል ቦይ ይውጣለት፤ ንጣፉም በ3 ሜትሩ ስፋት 6 ሳንቲም ወደ ጎን ያዘንብል፣ ውሃ እንዳይተኛበት። ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ ቦይ ያልወጣለት መንገድ ሐምሌን አይሻገርም።

ሆጤ፦ ኮብልስቶን ግን አታንጥፉብን። ዝናብ ሲነካው ያዳልጣል፣ ድንጋዩ ከፍና ዝቅ ሲል የሯጭ ቁርጭምጭሚት ያጥፋል። ደቃቅ ጠጠር ውሃ እየተርከፈከፈ በ10 ሳንቲም ንብርብር ይጠቅጠቅ።

ሰኞ ገበያ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚለው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ሥራ ወጥቶ የሚገባ የደሴ ሰው ይሞላዋል። ስለዚህ ዳገቱ ይበቃል።

የጦሳ ሥር፦ የሚሞላው ጤነኛው ነው! ያልጀመረው ሰውስ? ዙሩ 400 ሜትር ቢሆን 6 ጊዜ መዞር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። በሳምንት 5 ቀን ከሆነ 150 ደቂቃ ሞላ። ርቀቱ ድንጋይ ላይ ይጻፍለት፣ ቆጥሮ ይሄዳል።

ቦርከና ማዶ፦ ኮምቦልቻ ኑ፣ ሜዳ ሞልቷል።

ሆጤ፦ ሜዳ አላችሁ፣ ጥላ የላችሁም። በእናንተ ፀሐይ 8 ሰዓት ላይ ማን ይዞራል? መጀመሪያ በመንገዱ ምዕራብ በኩል ዋንዛ ትከሉ።

ቦርከና ማዶ፦ ጠዋትና ማታ የሚባል ነገር የለም? ደሴዎች ሁሌ ኮምቦልቻን ለማሳነስ!

እህተ ወሎ፦ ወንድሞቼ፣ ስለ ንጣፍ ስትከራከሩ ሴቶችን ረሳችሁን። አጥሩ ድፍን ግንብ ከሆነና በሩ አንድ ብቻ ከሆነ ማታ አንገባም። ከመንገድ የሚታይ አጥር፣ ቢያንስ ሁለት በር፣ መብራት፣ ውሃ ያለው ሽንት ቤት። የአዋቂ ስፖርት መሥሪያ ብረት ደግሞ ልጆች መጫወቻው አጠገብ ይተከል፤ እናት ልጇን እያየች ትሠራለች። አሁን ያለው አግዳሚ ብቻ ነውና ቁጭ ብላ ትጠብቃለች።

ሰኞ ገበያ፦ በዚህ እስማማለሁ እህቴ። ተሽከርካሪው ማሽን ግን አይገዛ፣ ኩሽኔታው ውሃ ይገባዋል፣ ግሪስ የሚቀባው የለም፣ ብሎኑ ይፈታል።

ሆጤ፦ ልክ ነህ። ከወፍራም ቱቦ የተበየደ መንጠልጠያ ይበቃል፤ የአንዱ ከፍታ 2.3 ሜትር፣ የአንዱ ለአጭር ሰው 1.4፣ እግሩ 60 ሳንቲም ኮንክሪት ውስጥ።

የጦሳ ሥር፦ እና «ሣርና አበባ ብቻ» ያልከውን ትተሃል ማለት ነው?

ሰኞ ገበያ፦ ብረት ይተከል አልኩ እንጂ ዳገቱ አይበቃም አላልኩም!