ባለ 40 ዋቱን አምፕሊፋየር በባለ 100 ዋት ልቀይረው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሳሎኔ ውስጥ ያለው አምፕሊፋየር በየቻናሉ 40 ዋት የሚሰጥ አሮጌ ዕቃ ነው፤ ስፒከሮቹ ግን ዓምና የተገዙ ሲሆኑ ጀርባቸው ላይ 4 ኦም፣ 86 ዴሲቤል የሚል ተጽፎባቸዋል። ክራርና ዋሽንት ብቻ ሲሆን ድምፁ ያረካኛል። ከበሮና ቤዝ ጊታር ሲገቡበት ግን ይሻክራል፣ ድምፁን ከፍ ካደረግሁትም አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይመለሳል። እህቴ በቅርቡ ከአሜሪካ ስለምትመጣ ባለ 100 ዋት እንድታመጣልኝ አስቤአለሁ፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦
ኃይል እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚጨመረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ስለሆነ፣ ከ40 ወደ 100 ዋት ሲሄዱ የሚያገኙት 4 ዴሲቤል ያህል ነው። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ደግሞ 10 ዴሲቤል ገደማ ያስፈልጋል፤ ይህም 400 ዋት ማለት ነው፣ ያን ጊዜ ጎረቤት በር ያንኳኳል። ስፒከር ላይ የሚጻፈው ዴሲቤል ስፒከሩ በእኩል ኃይል ምን ያህል ድምፅ እንደሚያወጣ ስለሚያሳይ፣ በእኔ አስተያየት በ86ቱ ፋንታ ባለ 91 ዴሲቤል ስፒከር ቢገዙ፣ ያው 40 ዋት አሁን ባሉት ስፒከሮች ላይ ከ120 ዋት በላይ የሚሠራውን ያህል ይሠራል።

መልስ 2፦
ስሌቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ድምፁ ጠፍቶ መመለሱን የዋት ማነስ ብቻውን አያመጣውም። ኦም ስፒከሩ ከረንትን የሚቃወምበት መጠን ነው፤ ስለዚህ ባለ 4 ኦም ስፒከር በእኩል ቮልት ከባለ 8 ኦሙ እጥፍ ከረንት ይስባል፤ ለዚያ ያልተሠራ አምፕሊፋየር ይግልና ራሱን ለመከላከል ያጠፋል። እስቲ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ፣ የስፒከር ገመድ ከሚታሰርበት አጠገብ የተጻፈውን ያንብቡልን። በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው ናድ 3020 የተባለ አምፕሊፋየር በወረቀት ላይ 20 ዋት ብቻ ሆኖ ሳለ ስመ ጥር የሆነው አስቸጋሪ ስፒከሮችን ያለ ጭንቀት ስለሚነዳ ነበር፤ ስለዚህ ከዋቱ በፊት 4 ኦም መቻሉን ይጠይቁ።

ጠያቂው፦
አቧራውን ጠርጌ አየሁት፤ «ከ8 እስከ 16 ኦም» ይላል። ለካ ከመጀመሪያው ሳይጣጣሙ ነው የኖሩት! ከአሜሪካ የሚመጣው ዕቃ በእኛ መብራት ይሠራል?

መልስ 2፦
ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራውን በቀጥታ 220 ላይ ቢሰኩት ይቃጠላል። ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ይኖራል፤ ሆኖም የእኛ መብራት 50 ኸርዝ፣ የእነሱ 60 በመሆኑ፣ ለ60 ብቻ የተሠራ አምፕሊፋየር ቮልቱ ቢስተካከልለትም ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ከልክ በላይ ሊግል ይችላል። «ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ካገኙ ግን ሶኬቱን ብቻ ማስተካከል ይበቃዎታል።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። እህቴ ገንዘቡን ከመክፈሏ በፊት የዕቃውን ጀርባ ፎቶ አንሥታ እንድትልክልኝ ነግሬአታለሁ፤ እስከዚያው አሮጌውን ዝቅ አድርጌ በክራር እቆያለሁ።