ከመንገድ ያነሳኋት ፐርሺያን ድመት ቋሚ ቤት ትፈልጋለች፤ ለማን ልስጣት?

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ገበያው ጋ ካለው ቱቦ ሥር አንዲት ድመት አገኘሁ። መጀመሪያ የበግ ለምድ ቁራጭ መስላኝ ነበር። ከጆሮዋ ጀርባና ከብብቷ ሥር ያለው ጠጉር ተጋግሮ ባና መስሏል። ፊቷ ጠፍጣፋ ነው፤ ዓይኗ ያለማቋረጥ ያነባል። ቤት ወስጄ ሳጥባት ከጭቃው ሥር ነጭ ሆና ወጣች። ፐርሺያን የሚባለው ጠጉረ ረጅም የድመት ዝርያ መሆኗን የነገረኝ የእንስሳት ሐኪም ነው። ጥርሷን አይቶ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው አለኝ።

ባለቤት ይኖራታል ብዬ ሦስት ሳምንት ፈለግኩ። መናኸሪያውና ገበያው ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። የመጣ የለም። እኔ ጋ እንዳላስቀራት ታናሽ ወንድሜ አስም አለበት፤ የምንኖረው በአንድ ክፍል ነው። ሌሊት ደረቱ ሲያፏጭ እሰማለሁ።

እስካሁን ሁለት ሰዎች ጠይቀውኛል። አንዱ የአማኑኤል ከተማ ሰው ነው፤ ጎተራዬን አይጥ ፈጀው ይላል። ሌላው ደህና ብር እሰጥሻለሁ አለኝ፤ ግን መጀመሪያ የጠየቀኝ "ትወልዳለች?" ብሎ ነው። ልቤ ሁለቱንም እምቢ አለ። ተሳስቼ ይሆን? ከመስጠቴ በፊትስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም፣ ከባሕር ዳር

እህቴ፣ አልተሳሳትሽም። ለማስወለድ ለሚፈልጋት ሰው አትስጫት። ፐርሺያኖች ላይ በዘር የሚተላለፍ የኩላሊት በሽታ አለ። ኩላሊታቸው ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች እያደር ይበዛሉ። ከወላጆቹ አንዱ ካለበት ከግልገሎቹ ግማሽ ያህሉ ሊወርሱት ይችላሉ። በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ዕድሉን ካገኘሽ አሳያት።

ከማስረከብሽ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስወጊያት። ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትንም ይይዛል፣ ከድመትም ወደ ሰው ይተላለፋል። ምናልባት ብትነክሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሌላው እንዳትወልድ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ነው። የመንግሥት ክሊኒኮቻችን ውሏቸው ከከብትና ከበግ ጋር ስለሆነ ድመት አደንዝዞ የሚሠራ ሐኪም መኖሩን አስቀድመሽ ጠይቂ። ካልተገኘ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። ፊተ ጠፍጣፋ ድመት በማደንዘዣ ጊዜ መተንፈስ ይከብዳታል፤ ለሐኪሙ አንቺም አስታውሺው።

መልስ፦ አንዲት እናት፣ ከፍኖተ ሰላም

እታለም፣ የጎተራውን ሰው አልፈርድበትም። አይጥ እህል ሲፈጅ የማይቃጠል ገበሬ የለም። ግን እኔ ቤት የሆነውን ልንገርሽ። ጎረቤት ለአይጥ መርዝ አስቀመጠ። ድመቴ መርዙን የበላችውን አይጥ በላች። ሌሊቱን ስትቃትት አድራ ሊነጋ ሲል እጄ ላይ ሞተች። ጎተራ ባለበት መርዝ አይጠፋም። ደግሞስ ይቺ የገዛ ጠጉሯ የከበዳት በምን ጉልበቷ አይጥ ታሳድዳለች? ለሰውየው ያገራችን ድመት ትበቃዋለች።

የሚወስዳት ሰው የወጥ ትራፊ እንዳይሰጣት አደራ በይው። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ይጎዳል። በጾም ቤቱ ሥጋ የለም ተብሎ ሽሮ ፍትፍት ስትበላ አትከርምም። እኔ በሁዳዴ የጣና ዓሣ ቀቅዬ፣ አጥንቱን ለቅሜ ነበር የምሰጣት።

መልስ፦ ፐርሺያን የሚያሳድግ፣ ከባሕር ዳር

እኔ ብሆን ሰውን የምለየው በማበጠሪያ ነው። ሊወስዳት ለሚመጣ ሰው ቡና አፍይና ማበጠሪያውን ስጪው። ፐርሺያን በየቀኑ ትበጠራለች። ጥቂት ቀን ከተዘለለ ብብቷ ሥር ይቋጠራል፣ ቆዳዋን ይስባል፣ ያማታል። ቋጠሮውን በመቀስ አትቁረጪ፤ ቆዳዋ ስስ ስለሆነ አብሮ ይቆረጣል። ከጫፍ እየጀመርሽ በጣት ፍቺው። ዓይኗንም ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጥጥ ጥረጊላት፤ ለእያንዳንዱ ዓይን አዲስ ጥጥ። ይህን ስታሳዪው ሰዓቱን የሚያይ ሰው አይሆንሽም።

ከዚያ ቤቱን ሄደሽ እዪ። ግቢው ውስጥ ውሻ አለ? በሩ ወደ አስፋልት ነው የሚከፈተው? ማርቆስ ይበርዳል፤ ማደሪያዋ የት ነው? ሁለት ሳምንት ሙከራ ይሁን። ማሳደግ ካቃተው ለሌላ ሳይሆን ለአንቺ እንዲመልስ በወረቀት ተፈራረሙ።

ከጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ፣ በድመትዎ በጣም አዘንኩ። ለሁለቱም ሰዎች እምቢ ብያለሁ። ክትባቷን ወስዳለች፤ ቀዶ ሕክምናውም በሰላም አለፈ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዎች መጡ። አንዱ አብሯት ፎቶ ተነስቶ ማበጠሪያውን መለሰልኝ። ሁለተኛዋ ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ውሾች አሉ። ሦስተኛዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ከአቦል እስከ በረካ ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋት ከጆሮዋ ጀርባ የቀረችውን አንዲት ቋጠሮ በጣታቸው ሲፈቱ ቆዩ። ቡናው ቀዘቀዘባቸው። ቤታቸውን አየሁት፤ ውሻ የለም፣ መስኮቱ ፀሐይ ያገኛል።

ወሰዷት። ሁለት ቀን አልጋ ሥር ተደብቃ አልወጣም ብላ ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ወጥታ እግራቸው ሥር ተኛች ብለው ማለዳ ደወሉልኝ። ሁለት ሳምንቱ እሑድ ይሞላል። ወረቀቱን ይዤ እሄዳለሁ።