ሾክና ቴስቲኒ ከተቀየረ በኋላ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) የግድ ነው?

ባለቪትዟ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ቪትዝ ናት። የፊት ሁለቱም ሾክ ዘይት እያወጡ ስለነበር አስቀየርኳቸው። መካኒኩ ሲፈታ የግራው ቴስቲኒ፣ ማለት የመሪው ዘንግ ከጎማው ጋር የሚገናኝበት ጫፍ፣ ላልቶ ተገኘ፣ እሱም ተቀየረ፣ ስታብላይዘር ሊንኮቹም አብረው። ኳኳታው ድርግም ብሎ ጠፍቷል፣ ቆጪ ሰፈር ኮብልስቶኑ ላይ እንኳን ጸጥ ብላለች። አሁን ያለው ነገር አንድ ነው፦ ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ ስነዳ መሪው ትንሽ ወደ ቀኝ ጠመም ብሎ ይቀመጣል። መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው፣ ወደ የትም አትስብም።

መካኒኩ «ቴስቲኒው የሚጠመዘዝበትን ጥርስ ቆጥሬ ነው የመለስኩት፣ አላይመንት ብር ማባከን ነው» አለኝ። ጎረቤታችን ደግሞ የድሮ ሾፌር ናቸው፣ «ሳታሠሪ ከጅማ እንዳትወጪ» ብለው ተቆጡኝ። በቅርቡ ለሰርግ አዲስ አበባ መውረዴ አይቀርም። የፊት ጎማዎቹ ብዙም አልሄዱም፣ አሁን በጎማ ዋጋ መቀለድ አይቻልም። ማንን ልስማ?

የአጋሮ መንገድ፦
እኔ መኪናው ካልሳበ አላሠራም። ካልሳበ ጤነኛ ነው። ጎሚስታ ቤት በሄድሽ ቁጥር አንድ ነገር አያጡልሽም።

እጀ ዘይት፦
የአጋሮ መንገድ፣ ይቅርታ አድርግልኝና ይሄ «ካልሳበ ጤነኛ ነው» የሚባለው ነገር ብዙ ሰው ጎማ ያስበላ ነው። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ወደ ውስጥ ወይም እኩል ወደ ውጭ ከዞሩ መኪናው አይስብም። አንዱ ወደ ቀኝ ሲገፋ ሌላው ወደ ግራ ይገፋል፣ ይቻቻላሉ፣ አንተ ምንም ሳይሰማህ ጎማው አስፋልት ላይ እየተፋቀ ይሄዳል።

እህቴ ወዳንቺ ልምጣ። የተቀየረው ሁሉ አንድ አይነት አይደለም። ሊንኮቹን እርሺያቸው፣ መኪናው ኩርባ ላይ እንዳይጋደል ነው የሚያግዙት እንጂ ከጎማው አቅጣጫ ጋር አይገናኙም። ለነሱ ብቻ ቢሆን አላይመንት አያስፈልግሽም እልሽ ነበር።

ሾኩ ግን ሌላ ነው። ቪትዝ ላይ የፊት ሾክ ንዝረት ማብረጃ ብቻ አይደለም፣ ጎማውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ራሱ ነው። ከታች በሁለት ትልልቅ ቡሎን ነው የሚታሰረው። ቡሎኖቹ በሚገቡበት ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ ክፍተት አለ፣ ስለዚህ ስታስሪው ትንሽ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ከተገፋ የጎማው አቋቋም ይቀየራል፣ ካምበር የሚሉት እሱን ነው። ካምበሩ ሲነቃነቅ ደግሞ ቶው፣ ማለት የጎማዎቹ አፍንጫ መቀራረብና መራራቅ፣ አብሮ ይነቃነቃል። ምክንያቱም የመሪው ዘንግ ርዝመቱ ያው እንደነበረ ነው።

ቴስቲኒው ላይ መከራከርም አያስፈልግም። ቶው የሚስተካከለው እዛችው ጥርስ ላይ ነው። ጥርስ ቆጥሮ መመለስ ጥሩ ልማድ ነው፣ መካኒክሽን አላማም፣ እኔም አደርገዋለሁ። ግን እሱ መኪናው አላይመንት ቤት ድረስ በሰላም እንዲሄድ ነው። አዲሱ ቴስቲኒ ከአሮጌው ጋር በርዝመት ትንሽ ሊለያይ ይችላል፣ ግማሽ ዙር ራሱ መሪ ላይ ይታያል። የአንቺ መሪ ጠሞ መኪናዋ ቀጥ ብላ መሄዷ ልክ የዚህ ምልክት ነው። አንድ በኩል ብቻ ስለተነካ ነው።

እስከዚያ ድረስ በእጅሽ መመርመር ትችያለሽ። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መዳፍሽን የፊት ጎማው መሬት የሚረግጠው ገጽ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ አሻሺ፣ ከዛ ከውስጥ ወደ ውጭ መልሺ። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ ብሎ በሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ እጅሽን ከያዘሽ ቶው ነው፣ መበላት ጀምሯል ማለት ነው። ውስጠኛው ወይም ውጨኛው ጠርዝ ብቻውን እየተላጨ ከሆነ ደግሞ ካምበሩን ጠርጥሪ። ሁለቱም ጠርዝ አልቆ መሀሉ ካለ ነፋስ ሳትሞዪ ነድተሻል።

የዶልፊን ሾፌር፦
እጀ ዘይት ተባረክ። እኔ የኋላ ሾክ ብቻ ነው የቀየርኩት፣ ዶልፊን ሚኒባስ ናት። ለሷም ይሠራላታል እንዴ?

እጀ ዘይት፦
አያስፈልግም ወንድሜ። ያንተ ኋላ ባሌስትራ (የተደራረበ ብረት) ነው፣ ሾኩ ለብቻው ነው የታሰረው፣ አክስሉን ቦታው ላይ የሚይዘው ባሌስትራው ነው። የቪትዟ ኋላ ባሌስትራ ባይሆንም ሾኩ ቢወጣ ጎማው አቅጣጫውን አይቀይርም። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ብዙዎቹ ኋላቸውም በብዙ ዘንግ የተያዘና የሚስተካከል ነው፣ እዛ ላይ የኋላውን ፈትቶ ዝም ማለት አይቻልም።

ሰቃ በር፦
ላክልበት። ሰው ባላንስና (የጎማውን ክብደት ዙሪያውን እኩል ማድረግ) አላይመንት ያምታታል። 80 እና ከዛ በላይ ስትነጂ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ እሱ ባብዛኛው ባላንስ ነው፣ አላይመንት ብታሠሪ ለውጥ አታዪም። ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የጎማ ነፋስ እኩል መሆኑን አስለኪ፣ ቀጥሎ አንዱ ፍሬን ይዞ እንዳይሆን ጥቂት ነድተሽ ቸርኬዎቹን ጠጋ ብለሽ ሙቀታቸውን አወዳድሪ። አንዱ ለብቻው የሚፋጅ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

ሌላው፣ ላልቶ የቀረ ነገር ካለ አላይመንት ገንዘብ ወደ አዌቱ ወንዝ መወርወር ነው። የግራው ቴስቲኒ ላልቶ ከነበረ የቀኙስ? ብራቾው (ጎማውን ከታች የሚይዘው ክንድ) ላይ ያሉት ጎሚኒዎችስ (ላስቲኮቹ)? ጫፉ ላይ ያለው መገጣጠሚያ፣ ቦል ጆይንቱስ? በክሪክ ተነስታ ጎማውን ቀኝና ግራ ይዘው ያወዛውዙልሽ፣ ከዛ ላይና ታች። ደህና ባለሙያ ማሽኑን ከማሰሩ በፊት ይሄን ሳትጠይቂው ያደርጋል። ካላደረገ ቁልፍሽን ተቀብለሽ ውጪ።

እጀ ዘይት፦
ትክክል። ጎሚኒ ካነሳህ አይቀር አንድ ነገር፣ የብራቾ ጎሚኒ ከተቀየረ ዋናው ቡሎን መጨረሻ ላይ የሚጠብቀው መኪናው በጎማው መሬት ከያዘ በኋላ ነው። አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ላስቲኩ ተጠማዞ ይቀርና ገና አዲስ ሆኖ ይቀደዳል። ከዛ ሰው «የቻይና ዕቃ ስለሆነ ነው» ይላል።

ባለቪትዟ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ። በእጄ ሞከርኩት፣ የግራው ጎማ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲታሸት ትንሽ ይይዛል። የቀኙ ያን ያህል አይደለም። አንድ ጎሚስታ «ክር ወጥሬ እለካልሻለሁ» ብሎኛል። እሱ ይበቃል ወይስ አዲስ አበባ ሄጄ በማሽን ላሠራ? ደግሞ ለመንገዱ ፈራሁ፣ የግቤ ቁልቁለት ትዝ ሲለኝ።

እጀ ዘይት፦
ክር መናቅ የለበትም። ለቶው ብቻ ከሆነ እጁ የሠለጠነ ሰው በክር ወይም በሜትር በደንብ ያስተካክላል፣ የጎማዎቹን ፊትና ኋላ ርቀት ለክቶ ልዩነቱን ማየት ነው ሥራው። ድሮ ሁሉም በዚህ ነበር። ካምበርን ግን በክር በትክክል አያገኘውም፣ ለሱ ማሽን ይሻላል። ማሽን ቤት ስትሄጂ ሳይነካ በፊት የነበረውንና ከተስተካከለ በኋላ የሆነውን ቁጥር አሳዩኝ በያቸው። ቪትዝ ፊት ላይ ፋብሪካው የሚስተካከል አድርጎ የሠራው ቶውን ነው፣ ስለዚህ «ካምበሩንም በብሎን አዞርኩልሽ» የሚልሽ ካለ የቱ ብሎን እንደሆነ ያሳይሽ። ካምበሩ በጥቂቱ ከወጣ የሾኩን ሁለት ቡሎኖች አላልቶ ጎማውን ገፍቶ መልሶ ማጥበቅ ይቻላል፣ ቀዳዳው በሚፈቅደው ልክ። ከዛ ቶው እንደገና ይለካል፣ ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ።

መንገዱን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጋዝ ጥርሱ ትንሽ ከሆነ በአንድ ጉዞ ጎማሽ አያልቅም፣ ግን እዚሁ በክር አስለክተሽ ብትወጪ ይሻላል። ለግቤ የሚያስፈራኝ አላይመንቱ አይደለም። የሾኩ ቡሎኖች መጥበቃቸውንና የቴስቲኒው ዳዶ ላይ ኮፒልያው መግባቱን በዓይንሽ እዪ። ዳዶው መሀል ያለፈች ጫፏ የተቆለመመች ቀጭን ሽቦ ናት። ቀዳዳው ባዶ ከሆነ ከጅማም እንዳትወጪ። ኮፒልያ የሌለው ዳዶ ቀስ እያለ መላላት ይችላል፣ ቁልቁለት ላይ መሪ ሲለቅ ደግሞ ለማሰብ እንኳን ጊዜ የለም።

የአጋሮ መንገድ፦
እሺ ተረትቻለሁ 😄 የኔንም ጎማ ልዳስሰው።

ሰቃ በር፦
አንድ የረሳነው። መሪውን ራሱን ከዘንጉ ነቅለው ቀጥ አድርገው መልሰው የሚገጥሙ አሉ። እንዳትፈቅጂላቸው! መሪው ቀጥ ብሎ ይታያል፣ ጎማው እንደጠመመ ይቀራል፣ መሀሉ ላይ ኤርባግ ካለም ለማንም የሚነካ ነገር አይደለም። መሪ የሚቀናው ከታች፣ በሁለቱም ቴስቲኒ በኩል ነው።

ባለቪትዟ፦
ኧረ መካኒኩ ቅዳሜ ነይና በነጻ ልሥራልሽ ያለኝ እሱን ነበር። ቀረሁ። ከሰዓት ጎሚስታው ጋ ነኝ፣ ኮፒልያዋን አይቼ እጽፍላችኋለሁ።