ከጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሌሊት የሚያስነሣኝ ቃር፦ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፣ ከሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ዕድሜዬ 43 ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ቱርክ ሄጄ ስሊቭ የሚባለውን የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል። ክብደቴ ከ118 ኪሎ ወደ 79 ወርዷል፤ የስኳር መድኃኒትም አቁሜአለሁ። በዚህ በኩል እግዚአብሔር ይመስገን።

ችግሬ ቃር ነው። ቀዶ ሕክምናው ሳይደረግልኝ በፊት ቃር የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። አሁን ቀን ቀን ደረቴን ያቃጥለኛል፤ ሌሊት ደግሞ የበላሁት ጎምዝዞ ወደ ጉሮሮዬ ይመለስና እያሳለኝ እነቃለሁ። ጠዋት የምነሣው ድምፄ ጎርንኖ ነው። አንዳንዴ የሚመለሰው ቢጫና መራራ ነው። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ታዞልኝ 20 ሚሊ ግራም ጀመርኩ፤ አሁን 40 ደርሻለሁ፤ ማታ ስተኛ እወስደዋለሁ። መጀመሪያ ረድቶኝ ነበር፤ አሁን ግን ለውጡ ብዙም አይታየኝም። ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ውስጥን በሚያሳየው ምርመራ፣ በኢንዶስኮፒ፣ ታይቼ አላውቅም።

ቀዶ ሕክምናውን ያደረገልኝ ክሊኒክ ብጽፍለት «የተለመደ ነው፤ ቅመም ይቀንሱ» ብሎ መለሰልኝ። እናቴ ተልባ ልካልኛለች። ጓደኛዬ ደግሞ «ወደ ባይፓስ ከማስቀየር ሌላ መፍትሔ የለውም» ትላለች፤ ባይፓስ ከጨጓራው ትንሽ ከረጢት ብቻ ለይቶ በቀጥታ ከአንጀት ጋር የሚቀጥል ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው። ሁለተኛ ጊዜ መቀደድ ያስፈራኛል። ዐቢይ ጾምም እየመጣ ነው። በዚህ ያለፈ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ነርስ፣ ከሚኒያፖሊስ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ስለ ቀዶ ሕክምናው ሐኪሞች ይናገሩ፤ እኔ ከመድኃኒቱ ሰዓት ልጀምር። ኦሜፕራዞል አሲድ የሚረጩትን ሕዋሳት በደንብ የሚይዛቸው ሥራ ላይ ሲሆኑ ነው፤ ሥራ የሚያስጀምራቸው ደግሞ ምግብ ነው። ሳትበዪ ማታ ከዋጥሽው ብዙው ኃይሉ በከንቱ ይሄዳል። ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድመሽ ውሰጂው። በቀን ሁለት ጊዜ ከታዘዘልሽ ሁለተኛው ከእራት በፊት ይሁን። መጠኑን ግን ራስሽ አትጨምሪ።

ለሌሊቱ፣ ትራስ አትደራርቢ። ወገብን ያጥፍና ሆድን ይጫናል፤ እንዲያውም ያባብሳል። የአልጋውን የራስጌ እግሮች ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ጠንካራ እንጨት አስገቢባቸው፤ ወይም ከወገብ በላይ የሚይዝ ተዳፋት ፍራሽ ግዢ። በግራ ጎንሽ ተኚ። በእራትና በእንቅልፍ መካከል ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይለፍ።

ደግሞ ብዙዎቻችን የማንናገረው ነገር አለ። ክብደት ከቀነስን በኋላ ሆድ እንዳይንጠለጠል ብለን ኮርሴት እንለብሳለን፤ በመቀነትም ጥብቅ አድርገን እንታሰራለን። ሆድ ሲታሰር የጨጓራው ይዘት መውጫ የሚያገኘው ወደ ላይ ነው። እሱን ዛሬውኑ ተዪው።

የቤት እመቤት፣ ከአዲስ አበባ

እኔ ተልባ እየጠጣሁ ነው የዳንኩት፤ መድኃኒት ዕድሜ ልክ መዋጥ ኩላሊት ይጎዳል ሲባል እሰማለሁ። ሲብስብሽ ግማሽ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጠሽ ጠጪ፤ ወዲያው ያገሳሻል፤ ይለቅሻል።

ፋርማሲስት፣ ከሐዋሳ

እህቴ፣ ተልባውን አልቃወምም። ልዝብ ስለሆነ ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ ለአፍ ይጥማል፤ እናት ልካዋለች። ነገር ግን የተጎዳ የምግብ ቧንቧን ማከሚያ አይደለም። ወፍራም ስለሆነም መድኃኒት እንዳይዘገይ ከክኒን ጋር ባይቀላቀል ይሻላል፤ ሰዓታቸውን አራርቂ።

ሶዳው ላይ ግን አልስማማም። «ወዲያው ያገሳሻል» የተባለው ራሱ ችግሩ ነው። ሶዳ ከአሲድ ሲገናኝ ጋዝ ይፈጥራል፤ በጠበበ ጨጓራ ውስጥ ጋዝ ማለት ግፊት ነው። ጨውም ስላለበት ደም ግፊት ላለበት ሰው አይመከርም። የሌሊቱን ለማስታገስ ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት የሚጠጣ አልጂኔት ያለበት ፈሳሽ አለ፤ በብዙ አገር ጋቪስኮን በሚል ስም ይሸጣል፤ ከላይ ተንሳፍፎ መከለያ ይሠራል። ለራስ ምታትና ለወገብ ብለሽ ኢቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ የምትወስጂ ከሆነ አቁሚ፤ ፓራሲታሞል ይሻልሻል።

ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 እና ማግኒዚየም ሊቀንስ ይችላል። ስሊቭም በራሱ ቢ12 እና ብረት ያሳንሳል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ በየዓመቱ ደም መመርመር ግዴታ ነው። ካልሲየም የምትወስጂ ከሆነ አሲድ ሳይኖርም የሚሟማውን፣ ካልሲየም ሲትሬት የተባለውን ምረጪ።

የውስጥ ደዌና የጨጓራ ሐኪም፣ ከለንደን

እስካሁን የተሰጡት ምክሮች ጥሩ ናቸው፤ የጎደለው ዋናው ነገር ነው። ጠያቂዋ እስካሁን በኢንዶስኮፒ አልታዩም። ሦስት ዓመት ሙሉ ቃር ይዞዎት፣ የመድኃኒቱ መጠን በእጥፍ አድጎ፣ የምግብ ቧንቧዎን ገብቶ ያየው ሰው የለም። «የተለመደ ነው» የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ግን የተለመደ ማለት የማይጎዳ ማለት አይደለም።

ስሊቭ ሲደረግ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ ይወገዳል። ምግብ ሲገባ ላላ ብሎ ይቀበል የነበረው የላይኛው ክፍል አብሮ ይሄዳል። የታችኛው በር፣ ፓይሎረስ፣ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ የቀረው ከታች እንደታሰረ ጠባብ ከረጢት ነው፤ ሲጫኑት ይዘቱ የሚያመልጠው በላይ በኩል ነው። በጨጓራና በምግብ ቧንቧ መገናኛ ላይ የነበረው ሹል ማዕዘንም ይጠፋል፤ እሱ ተፈጥሮአዊ መከላከያ ነበር።

ከዚህ በላይ ግን ሦስት ነገሮች መኖር አለመኖራቸው መታየት አለበት። አንደኛው ሃያታል ሄርኒያ ነው፤ የጨጓራው ጫፍ ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ፣ በድያፍራም፣ ቀዳዳ በኩል ወደ ደረት ሲወጣ ማለት ነው። ሁለተኛው መሃል ላይ የተፈጠረ ጥበት ወይም ጥምዝ ነው። ይህ ከተገኘ አንዳንዴ በኢንዶስኮፒ በፊኛ ይሰፋል፤ ቀዶ ሕክምና ላያስፈልግ ይችላል። ሦስተኛው ሐሞት ነው። ቢጫና መራራ ያሉት ለዚህ ይጠቁማል። ኦሜፕራዞል አሲድን እንጂ ሐሞትን አይቀንስም፤ ስለዚህ መጠኑን 40 አድርገውም ያልተሻለዎት በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ኢንዶስኮፒ፣ ባሪየም ጠጥተው የሚነሡት ራጅ፣ እንደ ሁኔታው ደግሞ ለ24 ሰዓት የአሲዱን መጠን የሚለካ ምርመራ ያስፈልግዎታል። ለዚህኛው መድኃኒቱን አስቀድሞ ማቆም ሊኖርብዎ ስለሚችል ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያም ይታይልዎ፤ በአገራችን ሰዎች ላይ በብዛት ይገኛል።

በፊንላንድ ስሊቭና ባይፓስ የተደረገላቸውን ሕሙማን ያነጻጸሩ ሐኪሞች ከ10 ዓመት በኋላ በኢንዶስኮፒ ሲያዩ፣ የምግብ ቧንቧ ብግነት ከስሊቭ ሕሙማን 31 በመቶው ላይ፣ ከባይፓስ ሕሙማን ደግሞ 7 በመቶው ላይ አግኝተዋል። ለካንሰር መነሻ ሊሆን የሚችለው ባሬት የተባለው የሕዋስ ለውጥ ግን በሁለቱም ወገን 4 በመቶ ገደማ ነበር። የምልክቱ መክፋትና የጉዳቱ መጠን ሁልጊዜ አይገጣጠሙም፤ ምንም ሳይሰማው ባሬት የተገኘበት ሰው አለ።

ወደ ባይፓስ የዞረ፣ ከስቶክሆልም

እኔም በስሊቭ ጀምሬ ወደ ባይፓስ የዞርኩ ነኝ፤ ስለዚህ ፍርሃትሽ ይገባኛል። በኢንዶስኮፒ ሲታይ የምግብ ቧንቧዬ ቆስሏል፤ ሄርኒያም ነበረብኝ። ሄርኒያውን አስተካክለው ባይፓሱን በዚያው ሠሩልኝ። ቃሩ ጠፋ፤ ጋደም ብዬ መጽሐፍ ማንበብ ቻልኩ።

ዋጋው ግን ይነገር። ጣፋጭ ነገር በባዶ ሆድ ከወሰድኩ ላብ ያጠምቀኛል፣ ልቤ ይመታል፣ መተኛት አለብኝ። ሻይ በስኳር ተሰናብቻለሁ። ቫይታሚን ዕድሜ ልክ ነው። ሲጋራ ከተጨሰ ወይም ኢቡፕሮፌን ከተወሰደ መገጣጠሚያው ላይ ቁስል ይወጣል ብለው አስጠንቅቀውኛል። እንደገና ብጠየቅ እንደገና አደርገዋለሁ፤ ጓደኛሽ «ሌላ መፍትሔ የለውም» ማለቷን ግን አልቀበልም። ያላየችውን ጨጓራ እንዴት ፈረደችበት?

እማማ፣ ከሃይፋ

ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ። እዚህ እስራኤል ሚኒ ባይፓስ በብዛት ይሠራል። የእህቴ ልጅ ስሊቯ ቃር ሲያስቸግራት በሚኒ ባይፓስ እንቀይርልሽ ብለዋት ነበር፤ ሌላ ሐኪም ከለከላት። በሚኒ ባይፓስ አንጀቱ የሚቀጠለው በአንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ ሐሞቱ በጨጓራው በር ላይ ያልፋል። አንቺ ደግሞ መራራው አለብሽ። ስማቸው ስለሚመሳሰል «የትኛው ባይፓስ ነው?» ብለሽ ጠይቂ።

ሐኪሙ፣ ከለንደን

እማማ በትክክል ብለዋል። ለቃር ተብሎ ሲቀየር የሚመረጠው ሩ-ኤን-ዋይ የተባለው ነው፤ የሐሞቱን መንገድ ከጨጓራው አርቆ ዝቅ ብሎ ያገናኘዋል።

ጠያቂ፣ ከሜሪላንድ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መድኃኒቱን ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ከቁርስ በፊት አድርጌአለሁ፤ ኮርሴቱም ወልቋል። ለሐኪሙ፦ ሰሞኑን ሥጋና ዳቦ ስበላ ደረቴ ላይ የሚቆም ይመስለኛል፤ ውኃ ካልጠጣሁ አይወርድም። ይህስ? ጾሙስ እንዴት ይሁን?

ሐኪሙ፣ ከለንደን

ይህ ቀጠሮውን ያፋጥነዋል። በዚህ ሳምንት ለሐኪምዎ ደውለው «ምግብ ይይዘኛል» የሚለውን ቃል ይንገሩ፤ ቃር ብቻ ካሉ ለወራት ሊያቆዩዎት ይችላሉ። ደም ካስመለሱ፣ ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም የደረት ሕመሙ ላብ አምጥቶ ወደ ክንድና መንጋጋ ከሄደ ቃር ነው ብለው አይጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ለቀናት ካስመለስዎም እንዲሁ። ቫይታሚን ቢ1 ቶሎ ያልቃል፤ ዓይን ሁለት ማየት ከጀመረና እርምጃ ከተንገዳገደ አንጎል እየተጎዳ ነው።

እማማ፣ ከሃይፋ

ጾሙን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ በሽተኛን ቤተ ክርስቲያን አታስጨንቅም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ቆይቶ፣ በላዩ ቡና ጠጥቶ፣ ከዚያ እንጀራ በሚጥሚጣ መቁረስ ለአንቺ አይሆንም። የእንስሳቱን ተዋጽኦ ተዪና ጥቂት ጥቂት እያልሽ በየሰዓቱ ብዪ፦ አልጫ ክክ፣ የምስር ሾርባ፣ ቶፉ። ወይም እሳቸው የሚሉሽን አድርጊ።

ነርስ፣ ከሚኒያፖሊስ

ፕሮቲኑን አደራ። ከስሊቭ በኋላ በቀን ከ60 ግራም በታች መውረድ የለበትም፤ ሽሮ ብቻ አያደርሰውም።

ወደ ባይፓስ የዞረ፣ ከስቶክሆልም

በአሜሪካ የሚኖር ወንድሜ የነገረኝን ልጨምር። ኢንሹራንሶች ሁለተኛውን ቀዶ ሕክምና ለመክፈል ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት የኢንዶስኮፒ ውጤት፣ የአሲድ ምርመራ ካለም እሱን፣ እና መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ወስደሽ እንዳልተሻለሽ በሐኪም መዝገብ ላይ መጻፉን ነው። ስለዚህ ቃርሽን በየቀጠሮው አስመዝግቢ። ከቱርኩ ክሊኒክም የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርት በእንግሊዝኛ በኢሜይል ጠይቂ፦ ጨጓራውን ሲቆርጡ ለልክ ውስጡ ያስገቡት ቱቦ ስንት ቁጥር እንደነበር፣ ሄርኒያ አይተው እንደነበርና አስተካክለውት እንደሆነ የሚገልጸውን። አዲሱ ቀዶ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።