የደረቅ ሽንኩርት ዕቅድ፤ ዓርብ ይገባል (ከማኅበሩ የመልእክት ቡድን፤ አባላቱ የሚጠሩት በአካባቢ ወይም በሥራ ስም ነው)

ጸሐፊ፦ የብድሩ ወረቀት ዓርብ ይገባል። ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ ሽንኩርት ሲረክስ በኪሳራ ከምንሸጥ አድርቀን አሽገን እንሽጥ ነው። አበዳሪዎቹ ስለ ምግብ ይዘቱ አንድ ገጽ ጠይቀዋል። ማን ይጽፋል?

ሆጤ፦ እኔ።

ሸዋ በር፦ ስትጽፍ "ቪታሚኑ እንዳለ ነው" ብለህ እንዳታሳፍረን። ቪታሚን ሲ በሙቀትም በአየርም ይሄዳል። ማዕድኑና ፋይበሩ ግን ይቀራል፤ ኩዌርሴቲን የሚሉት ጠቃሚ የሽንኩርት ንጥረ ነገርም ሙቀት ደህና ይችላል። እሱ በብዛት ያለው ውጪኛው ሽፋን ላይ ስለሆነ የሚልጡት ልጆች ሁለት ሦስት ሽፋን እየገፈፉ መጣሉን ይተዉ። ማድረቂያውም ከ60 ዲግሪ አይለፍ፣ ያለፈው ናሙና ቡናማ ሆኖ አይደል የወጣው?

ፒያሳ፦ መጀመሪያ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከር ቢደረግስ?

ሸዋ በር፦ ለጎመን ይሁን። ሽንኩርት ሲከተፍ ሽታውን የሚያወጣው ኢንዛይም ነው፣ የፈላ ውሃ ይገድለዋል። ወጥ ውስጥ የማይሸት ሽንኩርት ማን ይገዛል?

ገንዘብ ያዥ፦ ሂሳቡንም እዩ እንጂ። ከ100 ኪሎ እርጥብ ሽንኩርት 89ኙ ገደማ ውሃ ነው። ልጣጩና ብልሹው ሲወጣ ከ10 ኪሎ አንድ ኪሎ ካገኘን ተመስገን ነው። ፎይል ከረጢት ምናምን አትበሉኝ፣ ላስቲክ ይበቃል።

መናፈሻ፦ አይበቃም! ስስ ላስቲክ እርጥበትም አየርም ያስገባል። ብርሃን ሲጨመርበት ቀዩ ይገረጣል።

ቦርከና፦ ቆይ፣ ረቂቁ ላይ "የደሴ ሽንኩርት" የሚለውን ማን ጻፈ? ማድረቂያው ኮምቦልቻ፣ መጋዘኑ ኮምቦልቻ፣ ስሙ የደሴ?

ፒያሳ፦ ማኅበሩ የተመዘገበው ደሴ ነው። አለቀ።

ቦርከና፦ ሽንኩርት በምዝገባ አይደርቅም ወንድሜ። ደሴ 2,500 ሜትር ላይ በጉም ተሸፍናችሁ፣ እናንተ ጋ ብናሰጣው ሻጋታ ነበር የምንሸጠው።

ፒያሳ፦ ቅናት ነው ይሄ።

ቦርከና፦ የምን ቅናት? መዋጮዬን መልሱልኝ!

መናፈሻ፦ ወላሂ ታስቃላችሁ፤ ሽንኩርቱን የምንገዛው ከቆቦ።

ቦርከና፦ ከቃሉ ወረዳም እንገዛለን።

ሰኞ ገበያ፦ "የወሎ ሽንኩርት" በሉትና ተገላገሉ።

ፒያሳ፦ ወሎ ሰፊ ነው፣ ነገ ሌላው ተነስቶ የኛ ነው ቢልስ?

ጸሐፊ፦ ከትናንት ማታ ጀምሮ ስለ ስም ብቻ ነው የተጻፈው። ሆጤ፣ ገጹ የት ደረሰ?

ጸሐፊ፦ ሆጤ?

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ። ከረጢቱን እንተወው። ፈጭተን ሽሮና በርበሬ ለሚያዘጋጁት በጆንያ እንስጥ፤ ስምም አይጻፍበት፣ ጠብም የለ።

ቦርከና፦ እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ። ይቅርታ ፒያሳ፣ ግለት ነው።

ፒያሳ፦ እኔም ተናድጄ ነው አቦ።

ሸዋ በር፦ የሽንኩርት ዱቄት በጆንያ? እርጥበት ስቦ በሳምንት ድንጋይ ይሆናል። ከተፈጨ እንደውም ማሸጊያው ይበልጥ መጥበቅ አለበት። ዕቅዱ ለምግብ ይዘቱ አልነበረም እንዴ?

ሰኞ ገበያ፦ ወፍጮ ካለን ለሰፈሩ በርበሬም እንፈጫለን፣ ዕለታዊ ገቢ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄ ገንዘብ ያመጣል!

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ርዕሱን "የወፍጮ ግዢ" ብዬ ቀይሬዋለሁ። ዋጋ የሚያጣራ?

ፒያሳ፦ እኔ፣ ሰኞ።

ጸሐፊ፦ ዓርብ ነው ያልኩት።