የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ፦ ባሕር ዳር ሁለቴ ተቆረጠብኝ፣ ወለዱም ሊጨምር ነው

የሽምብጥ ልጅ (ጠያቂ)፦ ሰላም ናችሁ? ከቨርጂኒያ ተመልሼ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። የዚያው ክሬዲት ካርዴ ግን አልተዘጋም። ለጥምቀት የመጡ እንግዶቼን ጣና ዳር አንድ ማረፊያ አስይዤ በካርዱ ከፈልኩ። ፖስ ማሽኑ መጀመሪያ «አልተሳካም» አለ፤ ልጁ ደገመው። አሁን ስቴትመንቱ (የካርዱ ወርሃዊ የሂሳብ ዝርዝር) ላይ 310 ዶላር ሁለት ጊዜ ወጥቷል። ማረፊያው «ባንክህን ጠይቅ» ይለኛል። ባንኩ ደግሞ ይባስ ብሎ ወለዱን ከ19 ወደ 26 በመቶ ሊያወጣው እንደሆነ ጽፎልኛል። የቆየው ዕዳዬም በ26 ሊታሰብ ነው?

አባይ ማዶ፦ ክፈልና ተገላገል ወንድሜ። ከፈረንጅ ባንክ ጋር ምን ያጨቃጭቅሃል?

ሜሪላንድ ነኝ፦ ኧረ እንዳትከፍል! ማለቴ የተከራከርክበትን 310 ብቻ፤ ሌላውን በቀኑ ክፈል። እዚህ ባንክ ውስጥ የካርድ ቅሬታ ክፍል ሠርቻለሁ።

ለድርብ ሂሳቡ በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አለ። ስህተቱ ያለበት የመጀመሪያው ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ደብዳቤህ ባንኩ እጅ መግባት አለበት። መላኩ አይበቃም፣ መድረስ አለበት። ስልክ ብትደውል ብዙ ጊዜ ያስተካክሉታል፤ ሕጉ በደንብ የሚጠብቅህ ግን በጽሑፍ ስታመለክት ነው። የምትልከውም ክፍያ ወደሚገባበት አድራሻ ሳይሆን ስቴትመንቱ ላይ ለቅሬታ ወደተጻፈው ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ «ደርሶኛል» ይልሃል፤ ቢበዛ በ90 ቀን መጨረስ አለበት። እስከዚያ 310ሩን በግድ ሊያስከፍልህም ሆነ «አልከፈለም» ብሎ የብድር ታሪክህን (ክሬዲትህን) ሊያበላሽ አይችልም።

ወለዱን በተመለከተ የ2009 እ.ኤ.አ.ው የካርድ ሕግ ከ45 ቀን በፊት ያሳውቁህ ይላል። የቆየው ዕዳህ በ19 ይቀጥላል። ማስታወቂያው ከተላከ እስከ 14ኛው ቀን የገዛኸውም እንደዚያው። ከዚያ ወዲህ የምትገዛው ነው በ26 የሚታሰበው። ክፍያ 60 ቀን ካሳለፍክ ግን ይህ ጥበቃ ይቀራል። ወለድህ ከገበያው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ዓይነት ከሆነም በዚያ ምክንያት የሚመጣውን ጭማሪ ሕጉ አይከለክልም።

ሪሴፕሽን፦ እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ሆቴል ነው የምሠራው። ያልተሳካው ክፍያም ስሊፕ ያወጣል፤ «አልጸደቀም» ይላል፣ የማጽደቂያ ቁጥርም የለውም። ሁለቱንም ስሊፕ ጠይቅ። ጠፋ ካሉህ የዚያን ቀን የማሽኑን መዝጊያ ሪፖርት ፎቶ አንሳ። አንዱ ክፍያ ብቻ ከታየ በእጅህ ማስረጃ አለህ። ስሊፑ ቶሎ ስለሚደበዝዝ ዛሬውኑ ሂድ።

የሽምብጥ ልጅ፦ ተባረኪ እህቴ። ሻወሩም በረዶ ነበር፣ ክፍሉም ይሸታል። አብሬ ልጻፈው?

ሜሪላንድ ነኝ፦ አትቀላቅል! በጥራት ለመከራከር ሕጉ ሌላ መስፈርት አለው። ክፍያው ከ50 ዶላር በላይ መሆን፣ ግዢውም በምትኖርበት ግዛት ወይም ከአድራሻህ በ100 ማይል ውስጥ መፈጸም አለበት። ካርድህ የተመዘገበው በቨርጂኒያ አድራሻ ከሆነ ባሕር ዳር የት ትገባለች? ድርብ ሂሳቡን ብቻ ጻፍ። ከባሕር ዳር በፖስታ አትላከው፣ ቀኑ ያልቅብሃል። ፈርመህ ስካን አድርግና እዚህ ያለ ዘመድ በአደራ ፖስታ ይላክልህ። የመድረሻ ማረጋገጫውን እንዳይጥለው።

አባይ ማዶ፦ እሺ፣ ተረታሁ። የእኔ ግን ዴቢት ነው፣ ከባንክ ሂሳቤ በቀጥታ የሚቆርጠው፤ ያው ነው?

ሜሪላንድ ነኝ፦ አይደለም። የአሜሪካ ዴቢት ከሆነ ሕጉ ሌላ ነው። ካርዱ ተሰርቆ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ካላሳወቅክ ኪሳራህ ከ50 ወደ 500 ዶላር ሊወጣ ይችላል። በክሬዲት ካርድ ግን ከ50 አያልፍም።

የሽምብጥ ልጅ፦ እህቴ እዚያው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አለች፣ ዛሬ ማታ እልክላታለሁ። ማረፊያው ስሊፑን ነገ ውሰድ ብሎኛል።