ጥቆማ፦ ለጎልፍ ክለብ ሻምፒዮና የትኛው አጨዋወት ይሻላል?

የክለብ ሻምፒዮና በቀረበ ቁጥር ኮሚቴው ውስጥ ያው ጭቅጭቅ ነው። አንዱ "ምት ይቆጠር" ይላል። ሌላው "አንድ ለአንድ ይግጠሙ" ይላል። ሃንዲካፑ (ደካማው ከጠንካራው እኩል እንዲወዳደር ከምቱ የሚቀነስለት ቁጥር) ከፍ ያለው ደግሞ "እኛስ ለአጃቢነት ነው የምንመጣው?" ይላል። እውነቱን ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ የሻምፒዮንነቱ ዋንጫ ያለ ሃንዲካፕ፣ በስትሮክ ፕሌይ (ጠቅላላ ምት ተቆጥሮ ትንሹ በሚያሸንፍበት) ይወሰን። ቅዳሜ 18 ጉድጓድ፣ እሁድ 18። ሁሉም በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ነፋስ ይጫወታል፤ በዕጣ የሚያማርር አይኖርም። አንድ ቀን ብቻ ግን አይበቃም፤ ፐት (ጉድጓዱ አጠገብ ኳሱን እያንከባለሉ የሚመቱት) የቀናው ሁሉ ሊወስደው ይችላል።

የስትሮክ ፕሌይ ጣጣው ርኅራኄ የለውም። ኳሱን ሁለቴ ውሃ ውስጥ ጨምሮ አንድ ጉድጓድ ላይ 10 የጻፈ ሰው ቀኑ አበቃለት ማለት ነው። አጭር ፐትም ብትሆን ሳትገባ ማንሳት የለም። ገና ለሚማር ሰው ይሄ ያደክማል፤ ጨዋታውም ይጓተታል። ቢያንስ ኳስ ፍለጋው ከ2019 ጀምሮ 3 ደቂቃ ብቻ መሆኑን ለሁሉም አስታውሱ።

ማች ፕሌይ (አንድ ለአንድ ተገጥሞ ብዙ ጉድጓድ ያሸነፈ የሚወስድበት) ላይ ያቺው 10 የምታስከፍለው አንድ ጉድጓድ ነው። ቀጣዩ ላይ እንደ አዲስ ይጀመራል። ተጋጣሚህ "ይበቃል፣ አንሳው" ካለህ ፐቱ ገባ ማለት ነው። አንዳንዱ እስከ 12ኛው ሁሉንም እሺ ሲል ቆይቶ 17ኛው ላይ የክንድ ርዝመት የማትሞላዋን ፐት ዝም ብሎ ያያታል። ያኔ እጅ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ለጨዋታ ውበት ከሆነ የሚደርስበት የለም።

ችግሩ ፕሮግራሙ ነው። 16 ሰው በጥሎ ማለፍ አራት ዙር ይፈልጋል። አንዱ መስክ ይወጣል፣ ሌላው ሠርግ አለበት፣ ግማሽ ፍጻሜው በፎርፌ ያልቃል። ሁለቱ ጠንካሮች በመጀመሪያው ዙር ቢገናኙም ያሳዝናል። ለዚህ ነው የአሜሪካ አማተር ሻምፒዮና መጀመሪያ በሁለት ቀን ስትሮክ ፕሌይ አጣርቶ 64 ተጫዋች ብቻ ወደ ማች ፕሌይ የሚያሳልፈው። ከትልልቆቹ የፕሮፌሽናል ውድድሮች አንዱ የሆነው ፒጂኤ ሻምፒዮናም እስከ 1957 ማች ፕሌይ ነበር፤ በ1958 ወደ ስትሮክ ፕሌይ ዞረ። አንዱ ምክንያት ቴሌቪዥን ነው።

ስለዚህ ክለባችሁ ትንሽ ከሆነና አባላቱ እዚያው አካባቢ ከሆኑ አንድ ቀን አጣርታችሁ ስምንቱን ብታጋጥሙ ጥሩ ነው። ሦስት ዙር አይከብድም። ሰው ከበዛ ግን አትሞክሩት፤ ማች ፕሌዩን ዓመቱን ሙሉ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሌላ ዋንጫ አቆዩት።

የቀረውን ሰው በስቴብልፎርድ (በየጉድጓዱ ነጥብ በሚሰጥበት አጨዋወት) አጫውቱ፣ በእነዚያው ቀናት፣ በሃንዲካፕ። ሃንዲካፕ ተቀንሶ ፓር (ለጉድጓዱ የተመደበው ምት) 2 ነጥብ ነው፣ ቦጊ (ከፓር አንድ ሲበልጥ) 1፣ በርዲ (አንድ ሲያንስ) 3፤ ከቦጊ የባሰ ዜሮ። ለምሳሌ በየጉድጓዱ አንድ ምት የሚሰጠው ሰው ፓር 4ን በ5 ከጨረሰ 2 ነጥብ አገኘ። ነጥብ እንደማያገኝ ሲያውቅ ኳሱን አንስቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሜዳው ይፈጥናል፣ ማንም አይሸማቀቅም። በዓለም አቀፉ የሃንዲካፕ ሥርዓት የሚመከረው የሃንዲካፑ 95 በመቶ ነው። ሽልማቱም ደህና ይሁን፤ ለኮፍያ ብቻ ሁለት ቀን የሚለፋ የለም።

በሃንዲካፕ ያሸነፈውን ግን "የክለቡ ሻምፒዮን" አትበሉት። ለእሱ የራሱ ዋንጫ ይሠራለት።

እኩል ቢወጡስ? ለሻምፒዮንነት እዚያው ተጨማሪ ጉድጓድ ይጫወቱ፤ በመጀመሪያው የተበለጠ ወጣ። ለስቴብልፎርዱ የመጨረሻዎቹ 9 ጉድጓዶች ነጥብ ይታይ። ይሄ ምዝገባ ሳይጀመር ተጽፎ ይለጠፍ። እኩል ከወጡ በኋላ ሕግ ማውጣት ጠብ መጥራት ነው።